የዘጠኝ ቁጥር ክር

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በኢሱዙ ተጭነን፣
ባናችንን ደርበን፣ ትከሻ ተዛዝለን፣
ሠላሳ ሁለት ሰው፣ አንድ ከበሮ ይዘን፣
ደብረ ብርሃን ወረድን ዋንጫ እናምጣ ብለን።

ማልያውን የሰፋሁ እኔው ነኝ፣ በእጄ፣
መብራት ጠፍቶ ሳለ
በሞባይል ብርሃን እያበራች ልጄ።
ቁጥሮቹን ቆረጥኩኝ ለእንግዳ ካኖርኩት ከነጭ አንሶላ፤
ዘጠኝ ላይ ስደርስ ግን ወፍራሙ ክር አልቆ፣
በስሱ ጠቀምኩት፣ ዓይኔም እንቅልፍ ናፍቆ፤
«አንድ ቀን ነው» ብዬ፣ «ማን ሊያይ ተጠንቅቆ?»

መዘዞ ላይ ጎማው ፈነዳና ወረድን፤
አንዱ ተሳለቀ፦ «መዘዙ ጀመረን!»
ጣርማበር ላይ መንገድ ጉም ውጦ አስቀረው፣
ሾፌሩን ረዳቱ በባትሪ መራው።
ከበሮው ግን ከላይ አፍታም አያርፍም፤
ተሸናፊማ ሰው እንዲህ አይጨፍርም።

የነሱ ደጋፊ፣ ባለ ብርድ ልብሱ፣
ገና ሳይጀመር አራት ጣት አነሱ።

ፊሽካ ተነፋ።
በስድስተኛው ደቂቃ አንድ ገባብን፤
«ነፋስ ነው» አልን።
በሃያኛው ሁለት፤
«ዳኛው ነው» አልንና ጮኽንበት።
ሦስተኛው ሲገባ ግን የሚባል ነገር ጠፋ፤
ከበሮ መቺው ማሙሸት ከበሮውን ደፋ፣
ተቀመጠበት።

ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ ጥርሱ የወላለቀ፣
ከየት እንደመጣን ጠይቆ ከልቡ ሳቀ፦
«ከመሐል ሜዳ መጥታችሁ፣ እናንተ የጉድ ልጆች፣
መሐል ሜዳው ባዶ! የት ገቡ ሰዎች?»
ቀልዱ መልካም ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር እኔም፤
ዛሬ ግን ቀልድ እንኳ የኛ ወገን አይደለም።

ደግሞ አለች አንዲት ቅጽበት።
(ሁሌም አለች፤ ሰው የምትገድል እሷ ናት።)
ሽመክት፣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ ዘጠኝ ቁጥራችን፣
በግራ ሰንጥቆ ወጣ፤ ተነሣን ሁላችን።
ተከላካዩ ከኋላ ማልያውን ያዘበት፤
ጨረረር አለ። ሰማሁት።
በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የገዛ ስፌቴን ሰማሁት።
ቁጥሯ ተገንጥላ፣ በአንድ ክር ተንጠልጥላ፣
እሱ ግን አልቆመም፣ በረኛውን አለፈ አታልሎ፤
ባዶ ጎል። ባዶ። ግመል የሚያሳልፍ።
መታ።
ኳሷ ወደ ሰማይ፣ ወደ ባሕር ዛፍ ጫፍ።

እስካሁን አልገባኝም፦
ያ የሚወዛወዝ ጨርቅ ጎኑን መትቶት ይሆን?
እግሩ ሊመታ ሲል ዓይኑ ዞሮ ይሆን?
ወይስ ነፋስ ይሆን?
ወይስ እኔ እሆን?

አራተኛውን አላየሁም።
ጎንበስ ብዬ ነበር፣
መርፌዬን ከሹራቤ አንገትጌ ስፈልግ፤
ለማን ልሰፋ እንደሆነ እንጃ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ምን ላደርግ።

በመልሱ መንገድ ከበሮው ዝም አለ፤
ብርዱ ብቻ በየአጥንታችን ዘለለ።
ሽመክት በሰው ላይ ተራምዶ መጣና
አጠገቤ ተቀመጠ፤
ዘጠኟን ከኪሱ አውጥቶ፣ አጣጥፎ ሰጠኝ፤
«ይቅርታ፣ እትዬ ይርገዱ፣ ቀደድኩብሽ» አለኝ።
እሱ፣ እኔን፣ ይቅርታ!
«ክሩ ስስ ነበር» ልለው አፌ ላይ ደርሶ፣
መኪናው ጎድጓዳ ገባ፤
ዋጥኩት፤ ወረደ ጉሮሮዬን ልሶ።

ቤት ስገባ ልጄ አልተኛችም፤
«ስንት ለስንት?» አለችኝ።
«ነፋስ ነበር» አልኳት።
ዝም ብላ አየችኝ። (ረዳቱ ደውሎ ነበር ለካ፣ ከተማው ሁሉ ሰምቷል።)
ከዚያ ሞባይሏን አንሥታ
አበራችልኝ።

ወፍራም ክር ያለው ሱቅ የሚከፍተው ጠዋት ነው፤
ስሱን አራት እጥፍ አድርጌ፣
እንባም እንቅልፍም እያጣደፈኝ፣
ዘጠኟን መልሼ በማልያው ጀርባ ሰፋኋት፤
ጠበቀች። ጎትቼ ሞከርኳት፣ አትነቀልም።

ሲነጋ አየኋት፤
ገልብጬ ሰፍቻት ኖሮ
ስድስት ሆናለች።